በምን ቁና እንስፈር?

(ስለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሥራ ፍሬ አለካክና አመዛዘን በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በየዓመቱ የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ውጤት በሚገለጽበት ሰሞን በአገራችን አንድ ዓይነት ወሬ ይሰማል። ይህን ያህል አለፈ፥ ይህን ያህል ወደቀ፤ እገሌ የተባለው ትምህርት ቤት ሁሉንም አሳለፈ፥ እገሌ የተባለው ግን አንድም አላሳለፈ ይባላል። ወሬው በየቡና ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ጥቂት ሳምንት ከከረመ በኋላ ይበርዳል። ስሙ ግን ይቀራል። «ዜሮ ያመጣ» የተባለው ትምህርት ቤት መምህር ገበያ ሲወጣ ይጠቆምበታል፤ አቅም ያለው ወላጅ ልጁን አውጥቶ ወደ ሌላ ይወስዳል፤ አቅም የሌለው ልጅ እዚያው ይቀራል። በሚቀጥለው ዓመትም ያው ትምህርት ቤት ከበፊቱ የደከሙ ልጆች ይዞ ለፈተና ይቀርባል።

እኛ ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ፈተናውን ለመንቀፍ አይደለም። ሰነፍ መምህር ወይም ቸልተኛ ርእሰ መምህር የለም ልንልም አልመጣንም። ጥያቄያችን አንድ ነው፤ ይኸውም አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥራውን በሚገባ መሥራቱ በምን ይታወቃል? አንዱንስ ከሌላው ጋር ስናስተያይ በምን ሚዛን ብናስተያይ ነው ፍርዳችን ቅን የሚሆነው?

አስቀድመን ቁጥሮቹን እንመልከት። የ2014 ዓ.ም. ፈተና ከተቀመጡት 896,520 ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ይህም ከመቶ 3.3 መሆኑ ነው። በ2015 ዓ.ም. ከ845,188 ተፈታኞች ያለፉት 27,267 ሲሆኑ ከመቶ 3.2 ይሆናል። በዚሁ በ2015 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ፤ ከመቶ 43 ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በ2016 ዓ.ም. ያለፉት ከመቶ 5.4፥ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 8.4 ደርሰዋል።

ከዚያ ቀደም የነበረውን የማለፊያ ቁጥር ከዚህ ጋር አስተያይቶ «ትምህርት በአንድ ዓመት ሞተ» ማለት ግን ስሕተት ነው። በፊት ወደ ዩኒቨርሲቲ መግቢያው ነጥብ የሚቆረጠው በየዓመቱ ያለው ቦታ እየታየ ነበር፤ ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ጀምሮ ግን 50 በመቶ ሆነ። በፊት ፈተናው በየአካባቢው ይሰጥ ነበር፤ መኰረጅም በዝቶ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ወረቀቱ አስቀድሞ ወጥቶ በመገኘቱ ፈተናው ተሰርዞ እንደገና እስከ መሰጠት ተደርሷል። ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ጀምሮ ተፈታኞቹ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው በጥብቅ ቁጥጥር ተፈተኑ። ስለዚህ እህሉ ከአንድ ዓመት ወደ ሌላው ምን ያህል እንደ ተለወጠ ከመናገራችን በፊት ቁናው መለወጡን ማወቅ ይገባናል።

ቁና ካልን ዘንድ ወደ አውድማ እንሂድ። ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር ምርቱን ሲያስተያይ «ስንት ጫን አገባህ?» ብሎ ብቻ አይተወውም። ስንት ቁና ዘር እንደ ዘራ፥ መሬቱ ጥቁር አፈር ይሁን ወይም ጭንጫ፥ በሬው የራሱ ይሁን ወይም የተዋሰው፥ ዝናቡ እንዴት እንደ ነበረ ይጠይቃል። በጭንጫ ላይ በተዋሰው በሬ አርሶ አንዱን ቁና አምስት ያደረገ ሰው፥ በለማ መሬት ላይ አንዱን ስድስት ካደረገው ሰው ያነሰ ገበሬ ነው የሚል ሽማግሌ የለም። እኛ ፊደል የቆጠርነው ግን ትምህርት ቤቶችን የምናስተያየው ዘሩንም መሬቱንም ሳንጠይቅ የጎተራውን ክምር ብቻ እያየን ነው።

ይህን በምሳሌ እናስረዳ። ቁጥሮቹ ለማስረጃ የተፈጠሩ መሆናቸውን ልብ በሉ። በ8ኛ ክፍል ፈተና 85 ያመጡ ልጆች በአገሪቱ ሁሉ ተሰብስበው ቢታዩ፥ በ12ኛ ክፍል በአማካይ 58 ያመጣሉ እንበል። በ8ኛ ክፍል 50 ያመጡት ደግሞ በአማካይ 28 ያመጣሉ እንበል። «ሀ» የተባለው ትምህርት ቤት 85 ያመጡትን መርጦ ተቀብሎ በ12ኛ ክፍል አማካይ ውጤታቸው 55 ሆነ። «ለ» የተባለው ትምህርት ቤት በሩን ያንኳኳውን ሁሉ ተቀብሎ፥ ማለትም 50 ያመጡትን ይዞ፥ አማካይ ውጤታቸውን 34 አደረሰ። «ሀ» ከሚጠበቅበት በ3 ነጥብ ዝቅ ብሏል፤ «ለ» ከሚጠበቅበት በ6 ነጥብ ከፍ ብሏል። ነገር ግን ማለፊያው 50 ስለ ሆነ «ሀ» ብዙ ተማሪ አሳለፈ ተብሎ ይሸለማል፤ «ለ» ምናልባት አንድም ላያሳልፍ ስለሚችል ከ«ዜሮዎቹ» መዝገብ ይገባል። የሠራው ተወቀሰ፥ ያልሠራው ተመሰገነ ማለት ነው። ሁሉንም ካሳለፉት ትምህርት ቤቶች መካከል ተማሪ መርጠው የሚቀበሉ አዳሪ ትምህርት ቤቶች እንዳሉበት ስናስብ ይህ ባዶ ምሳሌ አለመሆኑ ይገባናል። እነዚህ ትምህርት ቤቶች ደካማ ናቸው አንልም፤ የማለፊያው ቁጥር ብቻውን ጠንካራ መሆናቸውን አያስረዳም እንላለን።

እንግዲህ የመጀመሪያው መለኪያ ትምህርት ቤቱ በተቀበለው ልጅ ላይ የጨመረው ዕውቀት ነው። ይህን ለመለካት የመነሻው ነጥብ መታወቅ አለበት። በእኛ አገር ትልቁ ችግር እዚህ ላይ ነው። ድሮ በ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ነበረ፤ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ቀርቷል። የ8ኛ ክፍሉን ፈተና የሚያወጡት ክልሎች ናቸው። ስለዚህ በአንዱ ክልል 70 ያመጣ ልጅና በሌላው ክልል 70 ያመጣ ልጅ እኩል ያውቃሉ ማለት አይቻልም፤ ቁናው ለየቅል ነውና። በአንድ ክልል ውስጥ ያሉትን ትምህርት ቤቶች ማስተያየት ይቻላል፤ ከክልል ክልል ለማስተያየት ግን አንድ የጋራ መነሻ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ነገር የቁጥር ማነስ ነው። አንድ ተማሪ የማለፍ ዕድሉ እንደ 2015 ዓ.ም. የአገሪቱ አማካይ ከመቶ 3.2 ነው እንበል። 20 ተማሪ ብቻ ያስፈተነ ትምህርት ቤት፥ ከአገሪቱ አማካይ በምንም ሳያንስ፥ አንድም ሳያሳልፍ የመቅረቱ ዕድል ከመቶ 52 ይሆናል። 50 ተማሪ ቢያስፈትን ከመቶ 20 ያህል ነው፤ 100 ቢያስፈትን ከመቶ 4 ያህል ነው፤ 200 ቢያስፈትን ግን ከሺሕ 2 እንኳ አይሞላም። ይህን በሒሳብ ክፍል ያላችሁ ወንድሞቻችን በአንድ ደቂቃ ልታረጋግጡት ትችላላችሁ። ስለዚህ ጥቂት ልጅ ያስፈተነ የገጠር ትምህርት ቤት «ዜሮ» ማምጣቱ ብቻውን ስለ ሥራው የሚነግረን በጣም ጥቂት ነው። እንዲሁም ትንሽ ትምህርት ቤት በአንድ ዓመት በድንገት ከላይ ቢቀመጥ በሚቀጥለው ዓመት ቢወርድ አያስደንቅም።

ይሁን እንጂ ሁሉንም በዕድል ማሳበብ አንችልም። በ2015 ዓ.ም. አንድ ትምህርት ቤት በአማካይ 270 ያህል ተማሪዎች አስፈትኗል። ዕድል ብቻ ቢሆን ኖሮ 1,328 ትምህርት ቤቶች ባዶ እጃቸውን ባልተመለሱ ነበር። ይህ የሚያሳየን የማለፍ ተስፋ በአገሪቱ ላይ እንደ ክረምት ዝናብ በእኩል አለመዝነቡን ነው። ጥቂት ቦታ ያጥለቀልቃል፤ ብዙ ቦታ ደግሞ ጠብ አይልም። ምክንያቱ የት ላይ ከመምህሩ እንደ ሆነ፥ የት ላይ ልጁ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ይዞት ከመጣው ጉድለት እንደ ሆነ፥ የት ላይ ከጦርነት እንደ ሆነ ግን የማለፊያው ቁጥር ለይቶ አይነግረንም። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በቆየው የሰሜኑ ጦርነት ዓመታት የጠፉበትን ተማሪ፥ አንድም ቀን ካልተዘጋበት ተማሪ ጋር በአንድ መስመር አሰልፎ «ሩጡ» ማለት ምን ዓይነት ዳኝነት ነው?

ሦስተኛው ነገር ሳይቆጠሩ የሚቀሩት ልጆች ናቸው። የማለፊያ መቶኛ የሚሰላው ለፈተና ከቀረቡት ነው እንጂ 9ኛ ክፍል ከተመዘገቡት አይደለም። አሁንም በምሳሌ እንናገር። ሁለት ትምህርት ቤቶች 100 100 ልጆች ተቀበሉ። በአንደኛው 40ዎቹ ብቻ ለፈተና ደርሰው 10 አለፉ፤ ከመቶ 25 አሳለፈ ይባላል። በሁለተኛው 80ዎቹ ደርሰው 16 አለፉ፤ ከመቶ 20 አሳለፈ ይባላል። በጋዜጣ የመጀመሪያው ይበልጣል። በአገር ቤት ሒሳብ ግን ከመቶ ልጆች 16ቱን ለፍሬ ያበቃው 10ሩን ካበቃው ይበልጣል። ከዚህም የባሰ ነገር አለ። ትምህርት ቤት በማለፊያ መቶኛ ብቻ የሚመዘን ከሆነ፥ ደካማውን ልጅ ከፈተና በፊት ማሰናበት እንደ ጥበብ ይቆጠራል። እኅቶቻችን ከትምህርት ቤቱ ርቀትና ከቤት ሥራ ብዛት የተነሣ ሲቀሩም ለመቅረታቸው የሚጠየቅ አይኖርም፤ እንዲያውም ቁጥሩ ያምራል።

ለዚህ ዩኔስኮና የትምህርት ሚኒስቴሮች የሚሠሩበት አንድ መለኪያ አለ፤ የውስጥ ብቃት ይሉታል። አሠራሩ ቀላል ነው። 100 ልጆች 9ኛ ክፍል ገቡ እንበል። 30ዎቹ አንድ ዓመት ተምረው ቀሩ፤ 20ዎቹ ሁለት ዓመት ተምረው ቀሩ፤ 40ዎቹ በአራት ዓመት ጨረሱ፤ 10ሩ አንድ ክፍል ደግመው በአምስት ዓመት ጨረሱ። የተከፈለባቸውን ዓመታት ስንደምር 30፥ 40፥ 160 እና 50 ሆኖ 280 ይመጣል። የጨረሱት 50 ናቸው፤ ስለዚህ አንድ ልጅ ለማስጨረስ 5.6 ዓመት ወጣ ማለት ነው። ምንም ባይባክን 4 ዓመት ይበቃ ነበር። 4ን ለ5.6 ስናካፍል 71 በመቶ ይሆናል፤ ይህ ነው ብቃቱ። የቀረው የባከነ ጉልበት ነው፤ የልጁ፥ የመምህሩና ግብር የከፈለው የገበሬው ጉልበት።

ነገር ግን ይህም መለኪያ ብቻውን ከቆመ ያታልላል። ማንንም ሳይጥል፥ ያወቀውንም ያላወቀውንም ወደ ላይ የሚያሻግር ትምህርት ቤት በዚህ ሒሳብ መቶ በመቶ ብቁ ይባላል። ልጁ 12ኛ ክፍል ደርሶ አንድ ገጽ አንብቦ መረዳት ቢያቅተው መለኪያው አያየውም። ስለዚህ የጨመረውን ዕውቀትና ያስጨረሰውን ልጅ አንድ ላይ ማየት ያስፈልጋል፤ አንዱ የሌላውን ውሸት ይገልጣልና።

አራተኛው ነገር ወጪው ነው። ብቃት ማለት በተሰጠው ነገር ምን ሠራ ማለት ስለ ሆነ የተሰጠው መታወቅ አለበት። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ቤቶች ኢንስፔክሽን ማዕቀፍ በ26 መስፈርቶች ይመዝናል፤ ለግብዓት 25፥ ለአሠራር 35፥ ለውጤት 40 ከመቶ ይሰጣል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ሦስቱንም ያያልና። ነገር ግን ሦስቱ ተደምረው አንድ ነጥብ ሲሆኑ ብቃቱ ይሸፈናል። ሕንፃው ያማረና ቤተ መጻሕፍቱ የሞላ ትምህርት ቤት በግብዓቱ ነጥብ ያገኛል፤ ገበሬው ለም መሬት ስላለው ሽልማት እንደ መስጠት ነው። ብቃትን የፈለግን እንደ ሆነ ግብዓቱን ከውጤቱ ጋር መደመር ሳይሆን ውጤቱን በግብዓቱ ፊት አቁሞ ማየት ይገባናል።

ግብዓትም ሲባል በመዝገብ ላይ ያለው ሁሉ ግብዓት አይደለም። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ትምህርት በሳተላይት የሚያስተላልፉ የፕላዝማ ቴሌቪዥኖች ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ታድለው ነበር። መብራት በሚጠፋበት ወይም ጨርሶ በሌለበት ቦታ ያ መሣሪያ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጥቁር መስታወት ሆኖ ቀረ። በዕቃ ግምጃ ቤት መዝገብ ግን «አለ» ይባላል። በሌላ በኩል ደግሞ ርካሽነት ብቃት አይደለም። ለአንድ ክፍል 40 ተማሪ ነው የተባለውን ትቶ 90 ልጆች በአንድ ክፍል ያጨቀ ትምህርት ቤት ለአንድ ልጅ የሚያወጣው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ ልጆቹ ካልተማሩ ግን ያ ጥቂት ገንዘብ በሙሉ ባክኗል።

በዚህ ነገር የተቸገርነው እኛ ብቻ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ ጄምስ ኮልማንና ባልደረቦቹ ከ600,000 የሚበልጡ ተማሪዎችን መርምረው፥ ለልጆች ውጤት መለያየት ከትምህርት ቤቱ ዕቃና ገንዘብ ይልቅ የቤተሰቡ ኑሮ የበለጠ ምክንያት ሆኖ እንደሚገኝ ገለጡ። ብዙ ሰው «እንግዲያው ትምህርት ቤት ምንም አይሠራም» ብሎ ተስፋ ቆረጠ። እ.ኤ.አ. በ1983 ግን ሄይንማንና ሎክስሊ የ29 አገሮችን የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተያይተው፥ በድሃ አገሮች የትምህርት ቤቱና የመምህሩ ጥራት ከሀብታሞቹ አገሮች ይልቅ ለልጁ ውጤት የሚመዝን መሆኑን አሳዩ። ነገሩ ለእኛ የሚያጽናና ነው። መጽሐፍ በቤቱ የሌለው ልጅ ዕውቀትን የሚያገኝበት በር ትምህርት ቤቱ ብቻ ነውና፥ በሩ ሰፊ መሆኑ ወይም ጠባብ መሆኑ የልጁን ዕጣ ይወስናል።

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1992 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻቸውን ውጤት በሠንጠረዥ ማውጣት ጀመሩ። የተቆጠረው የተወሰነ የማለፊያ ደረጃ በአምስት ትምህርቶች ያገኙት ልጆች መቶኛ ነበር። ወዲያውም ብዙ ትምህርት ቤቶች ጉልበታቸውን በወሰኑ ላይ ባሉት ልጆች ላይ አዋሉ፤ ከወሰኑ እጅግ በታች ያለው ልጅ ቢደከምበትም ቁጥር አይሆንምና ተረሳ። ዌልስ በ2001 ሠንጠረዡን ተወችው። እንግሊዝ ግን መለኪያውን ደጋግማ አረመች፤ ከ2016 ጀምሮም ልጁ የመጀመሪያ ደረጃን ሲጨርስ ከነበረበት ተነሥቶ የሄደውን መንገድ መለካት ጀመረች። በ2020 በኮቪድ ምክንያት የመጀመሪያ ደረጃው ፈተና ስላልተሰጠ፥ እነዚያ ልጆች በ2025 የመጨረሻ ፈተናቸውን ሲወስዱ ይህ መለኪያ ሊሰላ አልቻለም። መነሻ ከሌለ የሄዱበት መንገድ አይለካም፤ የእኛም ችግር ይኸው ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ይህ እኮ ለሀብታም ልጅ አንድ ሚዛን፥ ለድሃ ልጅ ሌላ ሚዛን ማውጣት ነው፤ ድሃውን በ34 ርካ ማለት ነው» ይሉን ይሆናል። ተቃውሞው ከባድ ስለ ሆነ በቅንነት መመለስ ይገባናል። ለተማሪው ሚዛኑ አንድ ይሁን እንላለን። ሐኪም ለመሆን የሚመጣ ልጅ ከየትም ይምጣ ማወቅ ያለበትን ማወቅ አለበት፤ 34 ያመጣ 34 ነው፤ እውነቱ ይነገረው። ለትምህርት ቤቱ ግን ሚዛኑ ሌላ ነው፤ የሚጠየቀው በተረከበው ልጅ ላይ ስለ ሠራው ነው። «ለ» የተባለውን ትምህርት ቤት ስናመሰግን የልጆቹ ውጤት ይበቃል ማለታችን አይደለም። የዚያ ትምህርት ቤት መምህራን በባዶ እጃቸው ይህን ከሠሩ፥ መጽሐፍና ቤተ ሙከራ ቢሰጣቸው ምን ይሠሩ ነበር ብለን ለመጠየቅ ነው። ጉድለቱ ከታች ክፍሎች የመጣ ከሆነም የሚጠየቀው 12ኛ ክፍል ያስተማረው መምህር ብቻ እንዳይሆን ነው።

ስለዚህ የሚከተሉትን አራት ነገሮች እንጠይቃለን።

አንደኛ፥ የፈተና ውጤት ሲወጣ ከማለፊያው መቶኛ አጠገብ ከአራት ዓመት በፊት 9ኛ ክፍል የተመዘገቡት፥ ለፈተና የደረሱትና ያለፉት ቁጥር፥ ወንድና ሴት ተለይቶ አብሮ ይውጣ።

ሁለተኛ፥ ልጆች 9ኛ ክፍል ሲገቡ በአገሪቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ጥያቄዎች ያሉበት አጭር የመነሻ ፈተና ይሰጥ። ለማንም ማለፊያና መውደቂያ አይሁን፤ መነሻ ብቻ ይሁን። ለሁሉም መስጠት ቢከብድ በየአካባቢው ተመርጠው በሚወሰዱ ትምህርት ቤቶች ይጀመር።

ሦስተኛ፥ ትምህርት ቤቶች የሚመዘኑት በአንድ ዓመት ሳይሆን በሦስት ዓመት ድምር ይሁን፤ የሚወዳደሩትም ከሚመስሏቸው ጋር ይሁን። መርጦ የሚቀበለው መርጦ ከሚቀበለው ጋር፥ የገጠሩ ከገጠሩ፥ በጦርነት የተዘጋው በጦርነት ከተዘጋው ጋር ይተያይ።

አራተኛ፥ ልኬቱ ለማዋረጃ ሳይሆን ለርዳታ መሪ ይሁን። ዝቅ ያለበት ቦታ አስቀድሞ መምህር፥ መጽሐፍና ተቆጣጣሪ ይላክ፤ ከተረዳ በኋላም በዚያው ሚዛን እንደገና ይለካ። ተረድቶም ካልተሻለ ያን ጊዜ መጠየቅ ይገባል።

እነዚህን ከሌላ መጠየቅ ብቻ ለተማሪ ማኅበር አይበቃውም። ከእናንተ ብዙዎች በሚመጣው ክረምት ወደየአገራችሁ ትሄዳላችሁ። እያንዳንዳችሁ ወደ ተማራችሁበት ትምህርት ቤት ሂዱና ርእሰ መምህሩን በአክብሮት አስፈቅዳችሁ ከመዝገቡ ሦስት ቁጥር ብቻ ቅዱ፤ ከአራት ዓመት በፊት ስንት ልጅ ገባ? ስንቱ ለፈተና ደረሰ? ስንቱ አለፈ? የማንንም ልጅ ስም አትጻፉ። የመምህራንንም ስም አታንሡ። የጎደለውን ግን ጠይቁ፤ የፊዚክስ መምህር ሳይኖር ስንት ወር አለፈ? መጽሐፉ ለስንት ልጅ ነው? የቀሩትስ ልጆች ወዴት ሄዱ? ይህ ሥራ ድካሙ ጥቂት ነው። ማኅበራችን እነዚህን ቁጥሮች ሰብስቦ በዚሁ በራሪ ጽሑፋችን ሊያወጣቸው ይችላል።

ወንድሞችና እኅቶች፥ በሰፈሩበት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላል። ከእኛ መካከል ነገ መምህር፥ ርእሰ መምህርና የትምህርት ቢሮ ሹም የሚሆን ብዙ ነው። ዛሬ በጎደለ ቁና የምንሰፍራቸው ትምህርት ቤቶች የነገ መሥሪያ ቤቶቻችን ናቸው። ከሁሉ በላይ ግን እዚህ አዳራሽ ያልደረሱትን የክፍል ጓደኞቻችንን እናስብ። 9ኛ ክፍል አብረውን ገብተው በመንገድ የቀሩት በማንም የማለፊያ መቶኛ ውስጥ አልተቆጠሩም። ቢያንስ እኛ እንቁጠራቸው።